ሞርሞን ጎረቤቶቼንና ልጄን በተመለከተ (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። እኛ ፎቅ ላይ ሁለት ወጣት ፈረንጆች ተከራይተው ገብተዋል። ነጭ ሸሚዝና ክራባት ይለብሳሉ፣ ደረታቸው ላይ ጥቁር ባጅ አለ። ሞርሞኖች ናቸው አሉኝ። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ውኃ ሲጠፋ ጄሪካኔን ተሸክመው ያወጡልኛል። ቡና ብጠራቸው ግን አንጠጣም ብለው ቅር አሰኙኝ። የ19 ዓመት ልጄ «እንግሊዝኛ ልለማመድ» እያለ ከእነሱ አይለይም። መጽሐፍም ሰጥተውታል። በቀደም ዕለት «እነሱ በእኔ ዕድሜ ለሃይማኖታቸው ሁለት ዓመት ሰጡ፤ እኔ ምን ሰጠሁ?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። ጎረቤቴ ደግሞ «መጽሐፉ ሰላም አትበሉት ይላል፤ ደጃፍሽን አታስረግጪያቸው» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናቴ። ቅሬታዎ ቶሎ እንዲወጣልዎ ከቡናው ልጀምር። ንቀት አይደለም። በአሜሪካ የተነሣው እምነታቸው መሥራች ጆሴፍ ስሚዝ በ1833 (እ.ኤ.አ.) ባወጣላቸው ትእዛዝ መሠረት ቡና፣ ሻይ፣ አልኮልና ትምባሆ አይነኩም። ወተት ወይም ጭማቂ ቢያቀርቡላቸው ደስ ብሏቸው ይጠጣሉ። እኛም ብንሆን በዚህ መገረም የለብንም። እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ድረስ በእኛም ቤት ቡናን አጥብቀው የሚያወግዙ ካህናት ነበሩ።

አሁን ልጅዎ ስለ ማረከው ኑሮ ልንገርዎ። ሳያውቁ ቢነቅፉት ልጁ አይሰማዎትም። የሞርሞን ወጣት ወንድ ከ18 ዓመቱ ጀምሮ ለሁለት ዓመት ለስብከት ይላካል። የሚሄድበትን አገር እሱ አይመርጥም፤ አሜሪካ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ያለው የቤተክርስቲያናቸው አመራር ይመድበዋል። ደመወዝ የለውም። ብዙውን ጊዜ ወጪውን ራሱ ወይም ቤተሰቡ ይሸፍናል። በተለምዶ ከጠዋቱ 12፡30 ይነሳል። ስፖርት ይሠራል፣ ይጸልያል፣ ያጠናል። 4 ሰዓት ገደማ ከጓደኛው ጋር ይወጣል፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ ይገባል፤ 4፡30 ይተኛል። ሁለቱ አይለያዩም፤ አንዱን ብቻውን አያገኙትም።

ብዙ ጊዜ ሰኞ ልብሳቸውን ያጥባሉ፣ ገበያ ይወጣሉ፣ ኳስ ይጫወታሉ፣ ወላጆቻቸው ጋ ይደውላሉ። በየሳምንቱ መደወል የተፈቀደላቸው ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት እናታቸውን በስልክ የሚያገኙት በዓመት ሁለቴ ያህል ነበር። በሌሎቹ ቀናት ያስተምራሉ፣ ሰው ይጠይቃሉ፣ ጉልበት ያግዛሉ። ጄሪካንዎን ማንሳታቸው የዚሁ አካል ነው፤ ሆኖም ከልብ አይደለም ማለት አይደለም። እሑድ ይሰበሰባሉ፤ ለቁርባናቸው የሚያቀርቡት እንደ እኛ ኅብስትና ወይን አይደለም፤ ዳቦና ውኃ ነው። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሁለት ማዕድ ያህል ይጾማሉ፤ የምግቡን ገንዘብ ለድሆች ይሰጣሉ።

ይህን ትጋት አላቃልለውም። በእምነት የሚለየንን ሰው ሁሉ ሰነፍ ወይም ተንኮለኛ አድርገን የምንስልበት ልማድ አለን። ያ ልማድ ልጆቻችንን ያስመልጠናል። ልጁ ሄዶ ሲያያቸው ሰዎቹ ደጎች ይሆኑበታል፤ ያኔ የቀረውንም ቃላችንን አያምንም።

ሰው ተግቶ ሊሳሳት እንደሚችል ግን ለልጅዎ በግልጽ ይንገሩት። ቤተክርስቲያናችን ከኒቅያ ጉባኤ ጀምራ ወልድ በመለኮቱ ከአብ ጋር የተካከለ፣ ሥላሴም በሦስትነት አንድ አምላክ መሆናቸውን ታምናለች። ሞርሞኖች ግን አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ በዓላማ አንድ የሆኑ ሦስት የተለያዩ አካላት ናቸው፤ አብም የሥጋና የአጥንት አካል አለው ይላሉ። ይህ ጥቃቅን የሥርዓት ልዩነት አይደለም። የምናመልከው ማንን ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ ይከብዳል። ከሐዋርያት በኋላ እውነተኛዋ ቤተክርስቲያን ከምድር ጠፍታ በ1830 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ እንደገና ተመለሰች ብለው ያስተምራሉ። እንግዲያው ቅዱስ አትናቴዎስ የሾመው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ያለ ሥልጣን ነው ያጠመቀን? ተስዓቱ ቅዱሳን ገዳማቱን ሲያቀኑ፣ ቅዱስ ያሬድ ሲዘምር ቤተክርስቲያን አልነበረችም? ጌታ «የገሃነም ደጆችም አይችሉአትም» ብሏል። እኛ ይህን ቃል አምነን እንኖራለን። ለጆሴፍ ስሚዝ መልአክ ተገልጦ አዲስ መጽሐፍ አመለከተው ለሚሉትም ቅዱስ ጳውሎስ በገላትያ 1፡8 ላይ መልአክ ከሰማይ ቢመጣ እንኳ የተለየ ወንጌል እንዳንቀበል አስቀድሞ አስጠንቅቆናል።

ጎረቤትዎ የጠቀሱት 2ኛ ዮሐንስ 10ን ነው። የክርስቶስን ትምህርት ሳይዝ የሚመጣን ሰው በቤታችሁ አትቀበሉት፣ ሰላምም አትበሉት የሚል ጥቅስ አለ። በዚያ ዘመን ምእመናን የሚሰበሰቡት በየቤቱ ነበር። ተጓዥ መምህርን ቤት ማስገባት ማለት መድረክ መስጠት፣ ስንቅ አሲዞ መላክ ነበር። ሐዋርያው የከለከለው ይህን ነው እንጂ ደረጃ ላይ የተገናኘን ጎረቤት «እንዴት አደርክ» ማለትን አይደለም። ስለዚህ ሰላም ይበሏቸው፣ ቢታመሙ ይጠይቋቸው፣ በበዓል ዳቦ ይላኩላቸው። ቤትዎ ግን የትምህርታቸው ቦታ አይሁን። ሲመጡም ሲሄዱም አብረን እንጸልይ ማለታቸው አይቀርም። «እኛ በራሳችን ሥርዓት ነው የምንጸልየው» ብለው በፈገግታ ይመልሱ፤ አይከፋቸውም። ልጅዎንም ተጠመቅ ብለው መጋበዛቸው አይቀርም፤ የተላኩት ለዚህ ነው። እሱ በ40 ቀኑ ተጠምቋል። «ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት» (በአንዲት ጥምቀትም እናምናለን) ብለን የምንጸልየው በየቅዳሴው ነውና ይህን አስረግጠው ያስታውሱት።

አሁን ወደ ልጅዎ ጥያቄ ልመለስ። እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። «እኔ ምን ሰጠሁ?» ያለ ወጣት የጠፋ ወጣት አይደለም፤ ሥራ ስጡኝ እያለ ነው። ብዙ ጊዜ ለወጣቶቻችን የምንነግራቸው የተከለከለውን ብቻ ነው። ጥምቀት ላይ ምንጣፍ ካነጠፉ በኋላ እስከ ዓመት አንፈልጋቸውም።

ልጅዎ ከተማ ስላደገ የአብነት ተማሪን ኑሮ በቅርብ ያየ አይመስለኝም። ይንገሩት። ገና በልጅነቱ ከእናቱ ቤት ወጥቶ፣ ለምድ ደርቦ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ ውሻ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ቁራሽ ይለምናል። ማታ በጎጆው ውስጥ የየኔታን ዜማ ያጠናል። ዜማውን ቢጨርስ ቅኔ፣ ቅኔውን ቢጨርስ ትርጓሜ ይጠብቀዋል፤ ዓመታት ይፈጃል። ሰኞ ሰኞ የሚደውልበት ስልክ የለውም። እናቱ በሕይወት መኖሯን እንኳ ከመንገደኛ ነው የሚሰማው። ዛሬ እኛ የምንሰማው ቅዳሴና ማኅሌት በእነዚህ ልጆች ረኃብ የቆየ ነው። ልጅዎ ትጋት ማርኮት ከሆነ ይህን ትጋት ይየው።

ማየት ብቻም አይበቃም። እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ ከንስሐ አባቱ ጋር ያገናኙት፤ ከሌለው ዛሬውኑ ይያዝለት። ንስሐ አባቱ ለአንድ ሳምንት የሚሆን ልክ ያለው ጸሎትና ንባብ ይስጡት፤ ረቡዕና ዓርብን በጾም እንዲጠብቅ፣ እሑድ ከኪዳን ጀምሮ እንዲያስቀድስ ይምከሩት። ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት ሲገባም ወንበር አሙቆ አይመለስ። እንግሊዝኛው ጥሩ ከሆነ ለሰፈሩ ሕፃናት ያስጠና፤ አልጋ ላይ የዋሉ አረጋውያንን ከጓደኛው ጋር እየሄደ ይጠይቅ። ሁለት ሁለት አድርጎ መላክን ጌታ ራሱ በማርቆስ 6፡7 አስተምሮናል፤ ከጎረቤቶቻችሁ የተማርነው አይደለም። ክረምት ሲሆን ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ጋር ሆኖ ለአንድ የአብነት ጉባኤ ቤት ብርድ ልብስና እህል ያሰባስብ፤ ራሱ ተሸክሞ ያድርስ፤ ቢቻል ጥቂት ቀን አብሯቸው ይደር።

እንግሊዝኛውን አይከልክሉት፤ ከከለከሉት ተደብቆ ይሄዳል። ቋንቋው እንጂ ትምህርቱ እንዳይሆን ግን አብረው ይነጋገሩ። የሚጠይቁትን መመለስ ቢያቅተው «ጠይቄ እመጣለሁ» ማለት ነውር አይደለም። ቅዱስ ጴጥሮስ መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ ካለ በኋላ «ነገር ግን በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን» ብሏል። ክርክር ውስጥ ገብቶ አይሳደብ።

የሰጡት መጽሐፈ ሞርሞን ነው፤ በአማርኛም ተተርጉሟል። አይቅደዱት፣ አያቃጥሉት። ልጅዎ ራሱ «አመሰግናለሁ፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ» ብሎ ይመልስላቸው። ጥያቄ የፈጠረበት ገጽ ካለ ግን ከመመለሱ በፊት ምልክት አድርጎ ይዞት ይምጣ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከእናንተ ጋር ቁጭ ብለን እናየዋለን።