ውሻ ዝም ሲል ማን ያየዋል?

ጅማ ማታ ማታ ጅብ ስለሚዞር ብዙ ግቢ ውስጥ ውሻ አለ። እኔም ውሻ ሳሳድግ ዓመታት ስላለፉኝ «ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። የመጣውን በየተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቡና ስናፈላ ውሻችን እንግዳ ላይ ይዘላል። ረከቦቱን ሊገለብጠው ምንም አይቀረው። «ሂድ!» ስንለው ይብስበታል።

መልስ፦ «ሂድ!» ስትሉት ምን አገኘ? አያችሁት፣ አናገራችሁት፣ በእጃችሁ ገፋችሁት። ቀኑን ሙሉ ዞር ብሎ ያየው ለሌለ ውሻ ይህ ግብዣ ነው። እናንተ ስትቆጡት እሱ ጨዋታ ይመስለዋል።

ሲዘል ጀርባችሁን ስጡት። አትዩት፣ አትናገሩት። አራቱም እግሩ መሬት ሲነካ ወዲያው «ጎበዝ» በሉትና ቁራሽ ዳቦ ጣሉለት። ከዘገያችሁ ለምን እንደተሸለመ አይገባውም። ቡናው ከመቆላቱ በፊት ደግሞ ትንሽ አጫውቱት።

መጀመሪያ ላይ ይብስበታል። የለመደው ዘዴ እምቢ ስላለው አጥብቆ ይሞክራል። አንዴ ከተሸነፋችሁ፣ አብዝቶ መዝለል እንደሚያዋጣ ይማራል። እንግዶቹንም አስጠንቅቁ። የኔን ውሻ ያበላሸችው አክስቴ ናት፤ በዘለለ ቁጥር «ውይ ሲወደኝ!» እያለች።

ጥያቄ፦ እኛ ሙስሊሞች ነን። ውሻውን ያመጣነው ለጥበቃ ነው፤ እንዲልሰን አንፈልግም። ሳንነካው ማቅረብ ይቻላል?

መልስ፦ በደንብ ይቻላል። በስሙ ጥሩት፣ ስታልፉ አናግሩት፣ ኳስ ወርውሩለት። ምግቡን ከመስጠታችሁ በፊት «ተቀመጥ» በሉት። ሲቀመጥ ሳህኑን አስቀምጡለት። ድምፅም ፍቅር ነው።

ጥያቄ፦ ቀን በሰንሰለት እናስረዋለን። ኃይለኛ እንዲሆን ሚጥሚጣም እናበላዋለን።

መልስ፦ ሚጥሚጣው ሆዱን ያቃጥለዋል እንጂ ጥበቃ አያስተምረውም። ታስሮ የሚውል ውሻ ይሰለቻል፣ ይፈራል፤ የፈራ ደግሞ የቤቱን ልጅም ይነክሳል። ማሰሩንም ሚጥሚጣውንም ተዉት በቃ።

ጥያቄ፦ ቡችላዬ ጫማዬን በላ። ማታ ገብቼ ጫማውን አሳይቼ ስቆጣው አንገቱን ደፋ። ጥፋቱን አውቋል አይደል?

መልስ፦ አላወቀም። ፊትህን አይቶ ነው የፈራው። ጫማህን አንሳ፣ አሮጌ ጨርቅ ቋጥረህ ስጠው። ጨርቁን ሲያኝክ አመስግነው። ግቢህ ውስጥ ቡና የምታሰጣ ከሆነ ግን ከሱ አርቅ፤ ቡና ለውሻ መርዝ ነው።

ጥያቄ፦ የዋህ የነበረው ውሻችን ሰሞኑን ባለቤቱንም መንከስ ጀመረ። ምራቁ ይዝረበረባል።

መልስ፦ ይህ የአመል ጉዳይ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። አትጠጉት። የእንስሳት ሐኪም ዛሬውኑ ጥሩ። የተነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠብ፤ ከዚያ ክትባቱን ለመጀመር በቀጥታ ጤና ተቋም ይሂድ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ እንዳያድር።