ግሪዱን ካበራችሁ በኋላ (ፎቶ ለምታነሱ የጎንደር ልጆች)

ልጆች፣ ፋሲል ግቢ ሙሽራ ስታነሱ የማገኛችሁ ሁሉ የምትጠይቁኝ ያው አንድ ነገር ነው፣ ፎቶው ውስጥ ሰውና ነገሩን የት እንደምታስቀምጡ፣ «ጋሼ ጎልደን ሬሾ ነው ሚሻለው ወይስ ሩል ኦፍ ሰርድስ?» እዛው ቆሜ እንዳልመልስ ሙሽሮቹ ፀሐይ ላይ ናቸው፣ ስለዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንገላገል። ሩል ኦፍ ሰርድስ ፍሬሙን (ፎቶው የሚይዘውን ሙሉ ቦታ) በቁምም በአግድምም እኩል ሶስት ቦታ መክፈል ነው፣ ስልካችሁ ላይ ግሪድ ስታበሩ የሚመጡት መስመሮች ናቸው በቃ። ጎልደን ሬሾ ደግሞ 1.618 የሚባለው ቁጥር ነው፣ በሱ ስትከፍሉት መስመሩ ከጠርዝ 38.2 ፐርሰንት ላይ ያርፋል፣ ማለትም ትንሽ ወደ መሃል ገባ ይላል። የፉል ፍሬም ካሜራ ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) ወርዱ 36 ሚሊሜትር ነው፣ የሰርድሱ መስመር 12 ላይ የጎልደኑ 13.75 ላይ፣ ልዩነቱ ሁለት ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም! ሚዜው እየተጋፋ ቬሎው በንፋስ እየተነሳ ያቺን ማን ይለካታል? የምትፈልጉ ከሆነ ቤት ገብታችሁ ላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሙ) ላይ ክሮፕ ስታደርጉ፣ ማለትም ጠርዙን ስትቆርጡ፣ ኦ (O) የምትለዋን ቁልፍ ተጫኑ፣ መስመሮቹን እየቀያየረ ያሳያችኋል። (ግንቡ ራሱ በጎልደን ሬሾ ነው የተሰራው የሚሉ ቪዲዮዎች አሉ፣ ሜትር ይዞ የለካ ሰው እስካላይ እኔ አላምንም።)

አሁን ወደ ዋናው። ሩል ኦፍ ሰርድስን በዚህ ስሙ የጻፈው ጆን ቶማስ ስሚዝ የሚባል እንግሊዛዊ ሰዓሊ ነው፣ በፈረንጆች 1797፣ ካሜራ ገና ሳይኖር። የሱ ነገር ሰውን መስመር መገናኛ ላይ ስለመትከል ሳይሆን ቦታ ስለማካፈል ነበር፣ ሰማይና መሬቱን፣ ብርሃንና ጨለማውን እኩል አታድርጉ፣ አንዱ ሁለት እጅ ይውሰድ ነው የሚለው። እናንተ የረሳችሁት ይሄን ነው። በጋ ላይ እኩለ ቀን የጎንደር ሰማይ ባዶ ሰማያዊ ነው፣ ለምን ግማሽ ፍሬም ትሰጡታላችሁ? ሲሶ ይበቃዋል፣ ሁለቱን እጅ ለድንጋዩና ለሳሩ ስጡ። ሐምሌ ላይ ግን ያ ጥቁር ደመና ሲመጣ ገልብጡት።

የፋሲልን ግንብ ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩት፣ አራቱም ማዕዘን ላይ ክብ ግንብ አለ፣ ግን አንዱ ጥግ ላይ አራት ማዕዘኑ ረጅሙ ማማ ብቻውን ወደ ላይ ይወጣል፣ ስለዚህ ህንጻውን መሃል ብታደርጉትም ክብደቱ ወደ ማማው ያደላል። ሙሽሪትን ከማማው በተቃራኒ በኩል መስመሩ ላይ አቁሟት፣ ነጭ ቬሎ ቡናማ ድንጋይ ላይ ዓይን ቶሎ ስለሚስብ ትንሽ ብትሆንም ትመዝናለች። ፊቷን ደግሞ ወደ ውስጥ ወደ ሰፊው ቦታ ታዙር እንጂ ጠርዙን እያየች አታንሷት፣ ከፍሬሙ ልትወጣ የደረሰች ነው ሚመስለው።

መሃል የሚፈቀድበት ቦታም አለ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች ስታነሱ ምን ሰርድስ አመጣው፣ ቀጥ ብላችሁ መሃሉ ስር ቁሙ፣ ፍላሹንም አጥፉ። ጥምቀት ላይም ፋሲል መዋኛ ጠዋት ውሃው ሳይነካ ህንጻው ውሃው ላይ ሙሉ ለሙሉ ከታየበት አድማሱን መሃል ለመሃል አድርጉት፣ ላይና ታቹ አንድ ነውና። ውሃው ተባርኮ ወጣቱ መዝለል ሲጀምር ግን የምን መስመር፣ ሰፋ አድርጋችሁ አንሱና በኋላ ክሮፕ አድርጉ።

አንድ ነገር ላስቸግራችሁ፣ ለሳምንት ግሪዱን አጥፉትና አንሱ፣ ከዛ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ መስመሩን ጫኑባቸው። ሳታስቡት ሰውን ሁሌ በየት በኩል እንደምታቆሙ ይታያችኋል፣ በዛውም አራቱን ጠርዞች እዩ፣ የመብራት እንጨቱና የተቆረጠው የሚዜ ክርን እዛ ነው ሚገኘው።