መልስ፦ ሞተሩ ይጮኻል፣ አንቴናው ግን አይወጣም

ወንድሜ፣ የላንድክሩዘር 80ህን ሬዲዮ ስትከፍት የአንቴናው ሞተር ይጮኻል፣ ዘንጉ ግን አይወጣም ብለሃል። ድምፁ ጥሩ ምልክት ነው። ፊውዙም ሞተሩም ደህና ናቸው ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ዘንጉን የሚገፋው ባለ ጥርስ የናይሎን ገመድ ነው። ስለዚህ እባክህ ሙሉውን ቀይር ቢሉህ እሺ አትበል! ዘንጉ ከነገመዱ ለብቻው ይሸጣል።

ዘንጉን ከላይ የያዘውን ነት ፍታ። ቀለሙ እንዳይጫር ዙሪያውን ጨርቅ አድርግበት። አንድ ሰው ሬዲዮውን ይክፈትልህና ዘንጉን ቀስ ብለህ ሳበው። ገመዱ እስከ ጫፉ ከወጣ ተገላገልክ። ቁራጭ ውስጥ ከቀረ ግን አዲሱን አትሞክር፣ ይቀረቀራል። ሞተሩን ከፓራፋንጎው ሥር አውርደህ ክዳኑን ክፈትና ቁራጩን አውጣ። ደረቅ ግሪስም ካለ ጥረገው።

አሮጌው ሲወጣ ጥርሱ ወደየት እንደዞረ ልብ በል። አዲሱንም እንደዚያው አስገባ። ሬዲዮው ሲዘጋ ሞተሩ ራሱ ይስበዋል። ካልያዘ ገመዱን በትንሹ አዙረህ ድገመው። ከዚያ ነቱን እሰር።

ዘንጉን ግሪስ አትቀባው፣ አቧራ ይሰበስባል። በንጹሕ ጨርቅ መወልወል ይበቃዋል። ላቫጆ ስትገባም ሬዲዮውን ዝጋ፤ ብዙ ዘንግ የሚጣመመው እዚያ ነው።