ከጓደኛችሁ ጋር ሥራ ለምትጀምሩ

ልጆቼ፣ እንደምን ናችሁ?

በቅርቡ የእህቴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ጋር አንዲት ቢሮ ተከራየ። ሁለቱም ሲቪል መሐንዲሶች ናቸው። ቡና ጠጥተን ስናበቃ "ጋሼ፣ እስቲ ይምከሩን" አሉኝ። አርባ ዓመት መንገድና ድልድይ ላይ የቆየሁ ሰው ስለሆንኩ ስለ ጨረታና ስለ ሲሚንቶ ዋጋ የማወራ መስሏቸዋል። እኔ ግን ስለ ኳስ ጀመርኩላቸው። አንዱ አርሰናል፣ አንዱ ማንቼ ነው፤ ጆሯቸውን ሰጡኝ። ያን ቀን ያወራሁትን ለእናንተም ልጻፈው።

ክለቡ ኖቲንግሃም ፎረስት ነው። የአውሮፓን ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ሁለት ጊዜ በልቷል። የእንግሊዝን ሊግ ግን አንድ ጊዜ ብቻ። ከአገሩ ሊግ ይልቅ የአውሮፓን ዋንጫ አብዝቶ የወሰደ ሌላ ክለብ የለም። የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ስልኩን አውጥቶ አጣራ። የዘንድሮ ልጅ እንዲህ ነው፣ አልከፋኝም።

በ1975 መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) አሰልጣኙ ብራያን ክላፍ ሲረከበው ፎረስት በሁለተኛው ዲቪዚዮን የሚዳክር ቡድን ነበር። ክላፍም ቢሆን ወድቆ ነው የመጣው። በ1972 ደርቢ ካውንቲን የሊጉ ሻምፒዮን አድርጎ ነበር። በ1974 ሊድስ ቀጠረው፤ በ44 ቀኑ አሰናበተው። አንድ ነገር ልብ በሉ። ደርቢ ላይ የሥራ ሸሪኩ ፒተር ቴይለር አብሮት ነበር። ሊድስ የሄደው ያለ ቴይለር ነው።

ሁለቱ የተዋወቁት ሚድልስብሮ ውስጥ ተጫዋች ሳሉ ነው። ክላፍ አጥቂ፣ ቴይለር በረኛ። አሰልጣኝነትን በ1965 አብረው የጀመሩት ሃርትልፑል በሚባል ኪሱ ባዶ በሆነ ክለብ ነው። ክላፍ አፍ ነበረው፣ ቴይለር ዓይን። ክላፍ ተጫዋቹን ያስፈራዋል፣ ያበረታታዋል፣ ጋዜጠኛውን ያስቀዋል። ቴይለር ደግሞ ኮቱን ደርቦ ትንንሽ ሜዳዎች ላይ ይዞራል፤ ሌላው ያላየውን ልጅ ፈልጎ ያመጣል። በ1976 ቴይለር ፎረስት ደረሰ። በ1977 ሦስተኛ ሆነው ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን አደጉ። በ1978 ሊጉን በሉ። በ1979 አውሮፓን።

ከማን ጋር እንደሠሩት ስነግራችሁ ነው ነገሩ የሚጥመው። ኬኒ በርንስ አስቸጋሪ ነው፣ የውሻ ውድድር ላይ ገንዘቡን ይጨርሳል ተብሎ ስም ወጥቶለት ነበር። ቴይለር ወሬውን ይዞ አልቀረም። ራሱ ውሾቹ የሚሮጡበት ድረስ ሄዶ ልጁን ከሩቅ ተከታተለው። ያየው ነገር ወሬውን የሚያህል አልነበረም። አስፈረሙት፤ አጥቂ የነበረውን ሰው መሃል ተከላካይ አደረጉት። በዓመቱ የእንግሊዝ እግር ኳስ ጸሐፊዎች የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ብለው መረጡት። እኛ መሐንዲሶች አፈሩን ሳንመረምር መሠረት አንጥልም፤ ሰው ግን በሰሚ ሰሚ እንቀጥራለን፣ በሰሚ ሰሚም እናባርራለን።

ጋሪ በርትልስ ምንጣፍ አንጣፊ ነበር። ሎንግ ኢተን ከሚባል የሰፈር ክለብ በ2,000 ፓውንድ ገዙት። ፍራንክ ክላርክን ኒውካስል በነጻ ለቆት ነው የመጣው፤ የ1979ኙን ፍጻሜ ሲጫወት 35 ዓመቱ ነው።

ጆን ሮበርትሰን ግን ለብቻው ነው። ክለቡ ውስጥ ከድሮም ነበር፤ ሊሸጡ ከታሰቡት አንዱ ነበር። ሲጋራ ያጨሳል፣ ጥብስ ይወዳል፣ ወፈር ይላል፣ አለባበሱ ዝርክርክ ነው። ሲሮጥ ያየው ሰው ኳስ ተጫዋች አይለውም። ክላፍም መጀመሪያ ሲያየው የማይረባ መስሎት እንደነበር በኋላ ጽፏል። ግን ግራ ክንፍ ላይ ቆሞ ኳስ ከደረሰው ተከላካዩን በሁለት እርምጃ አስቶ የፈለገበት ያሻግራታል። ሁለቱ ሰዎች ይህን አዩ። ኮስተር ብለው ገሠጹት፣ ከዚያ ቡድኑን በሙሉ ኳስ ለእሱ እንዲሰጥ አድርገው ሠሩት።

የመጀመሪያው የአውሮፓ ጨዋታቸው ከማን ጋር እንደደረሳቸው ታውቃላችሁ? ከሊቨርፑል። ሊቨርፑል ዋንጫውን ሁለት ዓመት በተከታታይ ይዞ ነበር። በሜዳቸው 2 ለ 0 አሸነፉ፤ አንዷን ያገባው ያ ምንጣፍ አንጣፊ ነው። አንፊልድ ላይ 0 ለ 0 ይዘው ወጡ። ግማሽ ፍጻሜው ላይ የጀርመኑ ኮሎኝ በሜዳቸው 3 ለ 3 ሲይዛቸው ያለቀላቸው መሰለ፤ ሄደው 1 ለ 0 አሸነፉ።

ሙኒክ ላይ፣ ለፍጻሜው፣ ሜይ 30 ቀን 1979 ከስዊድኑ ማልሞ ጋር ተገናኙ። ትሬቨር ፍራንሲስ በ1 ሚሊዮን ፓውንድ ተገዝቶ ነበር፤ አዲስ ስለሆነ ግን እስከዚያ ቀን በአውሮፓ ውድድር እንዳይሰለፍ ደንቡ ከልክሎታል። ዕረፍት ሊወጡ ሲሉ ሮበርትሰን በግራ በኩል ሁለት ሰው መሃል ሾልኮ አሻገረ። ፍራንሲስ ከሩቅ ምሰሶው ጋር ደርሶ በጭንቅላቱ አገባ። 1 ለ 0። በዓመቱ ማድሪድ ላይ፣ ኬቨን ኪጋን ከሚጫወትበት ሃምቡርግ ጋር፣ ጎሏን ራሱ ሮበርትሰን አገባ። እንደገና 1 ለ 0። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ውጤቱን የሰማሁት ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። በቀጣዩ ዓመት የቡልጋሪያው ሲኤስካ ሶፊያ በመጀመሪያው ዙር ሸኛቸው። በ1984 በዩኤፋ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ አንደርሌክትን በሜዳቸው 2 ለ 0 አሸንፈው ብራስልስ ላይ 3 ለ 0 ተሸነፉ። አንዷ ጎል አጨቃጫቂ ፍጹም ቅጣት ምት ነበረች፤ መጨረሻ ላይ ፎረስቶች ያገቧት ደግሞ ተሻረች። የአንደርሌክት ፕሬዚዳንት ለዳኛው ገንዘብ መስጠቱ የወጣው በ1997 ነው። ዳኛው ከሞተ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር። ጨረታ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማችኋል። ተናደዱ፣ ይግባኝ በሉ፣ ማስረጃችሁን አስቀምጡ። ግን ቢሮውን አትዝጉ።

እኔ ግን ልነግራችሁ የፈለግሁት ከዚያ በፊት በ1983 የሆነውን ነው።

ቴይለር ቀደም ብሎ ፎረስትን ለቆ ደርቢን ያሠለጥን ነበር። በ1983 ሮበርትሰንን ለደርቢ አስፈረመ። ለክላፍ አልነገረውም። ክላፍ በዚያ ሰሞን ለእርዳታ ገንዘብ ማሰባሰቢያ በእግሩ ጉዞ ላይ ነበር። ሲሰማ ነደደ፤ በጋዜጣ ላይ አዋረደው። አስቡት፣ ከወደቀበት ያነሱት አንድ ልጅ ነው ያጣላቸው። ከ1965 ጀምሮ አብረው የለፉ ሰዎች ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም። ደርቢና ኖቲንግሃም በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ ቢርቁ ነው። ቴይለር በ1990 ሞተ። ክላፍ ቀብሩ ላይ ተገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ ያሳተመውን የሕይወት ታሪኩን መታሰቢያነት ለቴይለር ሰጠ። ቴይለር አላነበበውም።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። እኔም ሸሪክ ነበረኝ። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ በልተናል። እሱ ደንበኛ ያመጣል፣ እኔ ሥሌቱን እሠራለሁ። አንድ ቀን ሳይነግረኝ ጨረታ ላይ ዋጋ አስገባ። ያወቅሁት ከሦስተኛ ሰው ነው። ዋጋው ትክክል እንደነበረ በኋላ ገባኝ፤ ያኔ ግን "ለምን አልነገርከኝም?" ብዬ መጠየቅ ኩራቴ አልፈቀደልኝም። ደብዳቤ ጻፍኩ። በማኅተም! ለጓደኛዬ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ።

ስለዚህ ለእህቴ ልጅና ለጓደኛው ያልኳቸው ይኸው ነው። እናንተ የሌላችሁን የያዘ ሸሪክ ፈልጉ፤ ሁለት አፍ ወይም ሁለት ዓይን ብቻውን አይሆንም። የድርሻችሁን ነገር ገና ሳትጣሉ በወረቀት አስፍሩት። የሚያስቀይም ነገር ስትሠሩ ጓደኛችሁ ከእናንተው አፍ ይስማው፣ በዚያው ቀን። ከሰማችሁ ደግሞ ደውሉ፤ አትጻፉ። የማኅተሙን ነገር ስነግራቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ፎረስት በ2005 ወደ ሦስተኛው እርከን ወርዶ ነበር። በ2022 ወደ ፕሪሚየር ሊግ ተመለሰ፤ በ2025 ደግሞ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ አውሮፓ ገባ። ሜዳቸው ሲቲ ግራውንድ ወንዝ ዳር ነው። በአንዱ ጎን ያለው የተመልካች መቀመጫ ብራያን ክላፍ ይባላል። ትይዩው፣ በ2015 ስሙ ተቀይሮ፣ ፒተር ቴይለር ሆኗል። ሜዳውን መሃል አድርገው ፊት ለፊት ይተያያሉ። የእኔ ሸሪክ በሕይወት አለ፤ ቤቱ ከእኔ ቤት ሁለት ታክሲ ነው።