ሁሉም ክፍል መቶ በመቶ፣ ፋብሪካው ግን ኪሳራ፦ ስለ ክፍሎች ግብ አወጣጥ ጥያቄና መልስ

ግንቦት ከገባ ጀምሮ ስልኬ ሥራ አልፈታም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የሚቀጥለው ዓመት እቅድ ከዚያ በፊት መቅረብ ስላለበት በዚህ ወር ግብ የማያወጣ ክፍል የለም። ከአቃቂ እስከ ገላንና ዱከም ባሉ ፋብሪካዎች 19 ዓመት ሠርቻለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት በሰዓት ተቆጣጣሪነት፣ የቀሩትን በእቅድና ክትትል ክፍል። የሙያ ባልደረቦቼ ጥያቄዎቻቸውን አሰባስበው ልከውልኛል። የጠያቂዎቹን ስምና ድርጅት ትቼ እንደመጣልኝ እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ ባለፈው ዓመት ስድስቱም ክፍሎቻችን ከ95 በመቶ በላይ አፈጻጸም አገኙ። ድርጅቱ ግን ከሰረ። ሥራ አስኪያጁ «ቁጥር የምታሳምሩት እናንተ ናችሁ» አሉኝ። ስህተቱ የት ነው? (የእቅድ ባለሙያ፣ ገላን)

ቁጥሩን አላሳመርሽው ይሆናል፤ እውነተኛ ቁጥርም እንዲህ ያደርጋል። ቀድሞ የሠራሁበት አንድ የብስኩት ፋብሪካ ውስጥ ያየሁትን ልንገርሽ።

ግዥ ክፍሉ የሚለካው ከተያዘለት በጀት ባተረፈው ብር ነበር። ስለዚህ ቀጭኑን ካርቶን ገዛና ግቡን አለፈ። ምርት ክፍሉ የሚለካው በቀን ባሸገው ካርቶን ብዛት ነበር፤ አሸገና አለፈ። መጋዘኑ የሚለካው ቦታ በመቆጠብ ስለነበር ዘጠኝ ዘጠኝ አድርጎ ደረደረ። ሽያጩ ደግሞ የሚለካው ከግቢ በወጣ ጭነት ስለነበር ሰኔ 28 እና 29 ሌሊቱን ሙሉ አስጫነ። ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት አይሱዙዎቹ እንደተጫኑ ተመለሱ። ጠዋት የመጋዘኑ በር ሲከፈት እዚያው ቆሜ ነበር። ሳይጫን የቀረው ክምር የታችኞቹ ሁለት ረድፎች ተጨፍልቀው፣ በየጠርዛቸው የብስኩት ፍርፋሪ ወለሉ ላይ ፈሷል። ርግቦች በጣሪያው ቀዳዳ ቀድመውን ገብተው እየለቀሙ ነው። አራቱም ክፍሎች የዚያን ዓመት ቦነሳቸውን ወስደዋል። የተወቀሰው ማን መሰለሽ? ጥራት ቁጥጥር! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ስህተቱ እያንዳንዱ ግብ ከክፍሉ በር ውስጥ ተጀምሮ እዚያው በር ላይ ማለቁ ነበር። ሥራ በብዛት የሚበላሸው ደግሞ ርክክብ ላይ፣ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲያልፍ ነው። ስለዚህ የግዥ ክፍሉን ግብ ስታረቅቂ ዕቃውን የሚቀበለውን የምርት ክፍል አጠገብሽ አስቀምጪ። «ርካሽ ካርቶን መግዛት» የሚለው ቀርቶ «ከሚገባው 100 ካርቶን 98ቱ ሰባት ሰባት ሆኖ ተደርድሮ 30 ቀን ሳይጎብጥ የሚቆይ፣ አማካይ ዋጋውም ከተወሰነው ጣሪያ የማያልፍ» ይሆናል። ሽያጩም «ከግቢ በወጣ» ሳይሆን «ደርሶ ባልተመለሰና ገንዘቡ በተሰበሰበ» ይለካ። የሽያጭ ኃላፊው ይቆጣል። ይቆጣ።

ለአንድ ክፍል ስንት ግብ ይበቃል? እኛ ጋ 14 አለ።

ሦስት። አራተኛ ካስፈለገ ከሦስቱ አንዱን አውጡ። 14 ግብ የተሰጠው ክፍል ቀላል ቀላሉን ሠርቶ በአማካይ 90 ያመጣል፤ ክብደቱ 5 በመቶ የሆነውን ግብ ማንም አይነካውም። ሁሉም እያወቀ የሚያልፈው ቀልድ ነው።

የጥገና ኃላፊ ነኝ። መብራት በጠፋ ቁጥር መስመሩ የቆመበት ሰዓት በእኔ ላይ ይመዘገባል። ይህ ፍትሕ ነው? (አቃቂ ቃሊቲ)

አይደለም። ግን ሙሉ በሙሉም ነጻ አላወጣዎትም።

አንድ የስምንት ሰዓት ፈረቃ 480 ደቂቃ ነው። መብራት 40 ደቂቃ ጠፋ እንበል። ከመጣ በኋላ ደግሞ ምድጃው እስኪሞቅ፣ መስመሩ እስኪነሳ 20 ደቂቃ ሄደ። 40 ደቂቃው የእርስዎ አይደለም፤ በተለየ ዓምድ «የኃይል መቋረጥ» ተብሎ ይመዝገብ። 20ው ግን የእርስዎና የምርት ክፍሉ የጋራ ዕዳ ነው። ግብዎ «የመብራት መጥፋትን መቀነስ» ሊሆን አይችልም፤ «መብራት ከመጣበት ደቂቃ እስከ መጀመሪያው ጥሩ ምርት ያለውን ጊዜ ከ20 ወደ 12 ደቂቃ ማውረድ» ግን ይችላል። ሰዓቱን የሚጽፈው የፈረቃ መሪው ይሁን እንጂ የእርስዎ ቴክኒሻን አይሁን። በገዛ እጅ የተጻፈ ሰዓት ሁልጊዜ አጭር ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ስሌት ልጨምር። ጃፓናዊው ሴይቺ ናካጂማ ያስፋፉት የመሣሪያ ውጤታማነት መለኪያ ሦስት ቁጥሮችን ያባዛል። ከ480ው መሣሪያው የሠራው 420 ደቂቃ ከሆነ 87.5 በመቶ ነው፤ የመብራቱ 40 ደቂቃ ሲቀር ይህ በአብዛኛው የጥገና ጉዳይ ነው። ፍጥነቱ ከሚገባው 90 በመቶ ከሆነ ምርት ክፍሉን ይመለከታል። ከወጣው ምርት 97 በመቶው ጥሩ ከሆነ ደግሞ ጥራትና ግዥን ይነካል። ሦስቱ ለየብቻ ሲቀርቡ ሁሉም ያስመሰግናሉ፤ ሲባዙ 76.4 በመቶ ይሆናሉ። ሩቡ የፈረቃ አቅም የት ገባ? በአራቱ ክፍሎች መካከል። እኔ ብሆን ይህን አንድ ቁጥር የአራቱም ክፍሎች የጋራ ግብ አደርገዋለሁ።

እኛ ፋይናንስ ነን። አናመርትም፣ አንሸጥም። ሥራችን በቁጥር አይለካም።

ከእናንተ በላይ በቁጥር የሚኖር ማን አለና! ሰነዱ ተሟልቶ የቀረበ ክፍያ በስንት የሥራ ቀን ይወጣል? የወሩ ሂሳብ በሚቀጥለው ወር በስንተኛው ቀን ይዘጋል? ከተከፈለ በኋላ እርማት የጠየቀ የደመወዝ ስሌት ስንት ነው? ሦስቱ ይበቋችኋል። «ሰነዱ የተሟላ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን ከግዥ ክፍሉ ጋር በአንድ ገጽ ተፈራረሙ። አለበለዚያ አንድ ፊርማ ጎደለው እየተባለ ሰነዱ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፣ የእናንተም ሰዓት ሁልጊዜ ከዜሮ ይጀምራል።

የሰው ሀብት ክፍልም ተመሳሳይ ጥያቄ ልኳል። «80 ሠራተኛ አሠለጠንን» የሚለውን ተዉት። ክፍሎች ሰው ከጠየቁበት ቀን አንስቶ ሰው እስኪመደብ ስንት ቀን ፈጀ፣ ከተመደቡትስ 60 የሥራ ቀን የሆነውን የሙከራ ጊዜ ጨርሰው የቀሩት ስንት ናቸው የሚለውን ቁጠሩ። ሁለተኛው ቁጥር የመጀመሪያውን በጥድፊያ እንዳታሟሉት ይጠብቃችኋል።

ቢ.ኤስ.ሲ፣ ኦ.ኬ.አር፣ ካይዘን... በየዓመቱ አዲስ ስም ይመጣል። የትኛውን እንያዝ?

ስሙ ብዙም አያሳስበኝም። በግብ መምራትን የአስተዳደር ጸሐፊው ፒተር ድራከር ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ካፕላንና ኖርተን እ.ኤ.አ. በ1992 የሚዛናዊ ውጤት ሥርዓቱን፣ ማለትም ቢ.ኤስ.ሲን፣ አመጡ፤ በእኛ አገር የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የምታውቁት ይህንኑ ነው። ኦ.ኬ.አር የሚባለውን፣ ዓላማን ከሚለኩ ቁልፍ ውጤቶች ጋር የሚያስቀምጠውን፣ አንዲ ግሮቭ የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹ ኢንቴል ውስጥ ሠሩበት፤ ጆን ዶር እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ጉግል ወሰዱት። ካይዘን፣ ሥራን በትንሽ በትንሹ ዘወትር ማሻሻል፣ ከጃፓን መጥቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት እያልን ግድግዳ ላይ ለጥፈናል። ማዝለቅ የሚለው የመጨረሻው እርምጃ ላይ ስንደርስ ግን ማስታወቂያው ራሱ አቧራ ጠጥቷል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ጆርጅ ዶራን እ.ኤ.አ. በ1981 ግብ ሊኖሩት ይገባል ያሏቸውን አምስት መስፈርቶች ሲጽፉ፣ ሦስተኛው «ሊደረስበት የሚችል» የሚል አልነበረም፤ «ማን እንደሚሠራው የታወቀ» የሚል ነበር። ዛሬ በየሥልጠናው የምንሰማው ኋላ የተቀየረው ነው። ለእኔ የመጀመሪያው ይበልጣል። «ምርትና ግዥ ክፍሎች በጋራ» ተብሎ የተጻፈ ግብ ባለቤት የለውም። የጋራ ግብ ይኑር፤ ሰኞ ጠዋት ተጠርቶ የሚመልሰው ግን በስሙ የተጻፈ አንድ ሰው ይሁን።

ቦነስን በቀጥታ ከግቡ ጋር ብናስረውስ?

በጥንቃቄ። እ.ኤ.አ. በ2016 ዌልስ ፋርጎ የተባለው የአሜሪካ ባንክ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ሠራተኞቹ በሽያጭ ግብ ተወጥረው፣ ደንበኞች ሳያውቁ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሂሳቦችን ከፍተው ተገኝተዋል፤ 5,300 ገደማ ሠራተኞች ከሥራ ተባረዋል። የእኛ የሰኔ 29 ጭነት የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ያነሱት ሐሳብ ኋላ ላይ «መለኪያ ራሱ ግብ ሲሆን ጥሩ መለኪያነቱ ያበቃል» ተብሎ ተለምዷል። የእኔ ልማድ ከእያንዳንዱ ግብ ጎን ጠባቂ ማቆም ነው። ብዛት ካለ ተመላሽ ይቆጠር፤ ፍጥነት ካለ እርማት ይቆጠር። ከቦነሱም ግማሹን ከክፍሉ ውጤት፣ ግማሹን ከፋብሪካው ውጤት ጋር እሰሩት፤ የክፍሉም ድርሻ ተመላሹ ታውቆ እስኪያልቅ ይቆይ።

ሩብ ዓመቶችን ስናነጻጽር ሁልጊዜ እንጣላለን።

ትጣላላችሁ እንጂ! ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜንና መስከረም ተደምረው 95 ቀን ናቸው፤ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን 96። ሌሎቹ ሩብ ዓመቶች 90 ናቸው። በዚያ ላይ ክረምት አለ፣ እንቁጣጣሽና መስቀል አሉ። ወተትና ቅቤ ያለበት ምርት የምትሸጡ ከሆነ ደግሞ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ እንደ ፋሲካው ቀን ወዲያና ወዲህ ይላል። ስለዚህ ካለፈው ሩብ ጋር ሳይሆን ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሩብ ጋር፣ ያውም በሥራ ቀን አካፍላችሁ አነጻጽሩ።

ዓመቱ ሳይጋመስ ግብ መቀየር ይቻላል? ወይስ ሽንፈት ነው?

የ2017 በጀት ዓመት በገባ በ22ኛው ቀን፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። ጥሬ ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ ግዥ ክፍል የዋጋ ግቡ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ሞተ። ያን ጊዜ ግቡን አለመቀየር ሞኝነት ነበር። አስቸጋሪው ይህን በር ከፍቶ መተው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያልሞላ ግብ ሁሉ «ሁኔታዎች ተቀይረው» ይባላል። መውጫው እቅዱ ሲፈረም የሚያስቀይሩትን ሁኔታዎች አስቀድሞ መጻፍ ነው፦ ምንዛሪው ከዚህ በላይ ከተቀየረ፣ ትልቁ ደንበኛ ከወጣ፣ መስመሩ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆመ። ያልተጻፈ ምክንያት አይሠራም። ደግሞም አሮጌውን ግብ አትሰርዙት፤ ከአዲሱ ጎን ተጽፎ ይቆይ።

የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ግባችን የሚሞላው በየቀኑ ትርፍ ሰዓት ስንሠራ ብቻ ነው። ምን እናድርግ? (ዱከም)

ልጄ፣ ያ ግብ ሲወጣ አቅማችሁን የቆጠረ ሰው አልነበረም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት ደግሞ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ ቀን የተሠራው ቢያንስ በአንድ ተኩል፣ ሌሊት የተሠራው በአንድ ነጥብ 75 እጥፍ ይከፈላል። ለአለቃሽ ስትነግሪ በቁጥር ይሁን፦ በአንድ ወር ውስጥ ከታሸገው ስንቱ በመደበኛው ሰዓት፣ ስንቱ በትርፍ ሰዓት እንደወጣ ሁለት ዓምድ አድርጋችሁ ጻፉ። ኃላፊው የካርቶኑን ዋጋ ከትርፍ ሰዓቱ ክፍያ ጋር ሲያየው ጉዳዩን ራሱ ወደ ላይ ይዞት ይሄዳል።

የመጋዘን ሠራተኛ ነኝ። እኛ ጋ ኮምፒውተር የለም። ታዲያ ማን ይመዝግብልን?

ራሳችሁ፣ በጠመኔ። ያ ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ ሁላችንም እማማ የምንላቸው የመጋዘን ኃላፊ ነበሩ። ተመልሶ ለሚገባ ለእያንዳንዱ ካርቶን በብረቱ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ አንድ ጭረት ያሰምራሉ፤ አራት ቁመው አምስተኛው ያጋድማል። ከጎኑ አንድ ፊደል አለ፦ «ረ» የረጠበ፣ «ጨ» የተጨፈለቀ፣ «ዘ» ዘግይቶ የደረሰ። የነሐሴ ሪፖርት ሲዘጋጅ የሽያጭ ክፍሉ የኤክሴል ሰንጠረዥና በሩ አልተስማሙም። ሁለት ጫኝና አውራጅ ይዘን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ቆጠርን። በሩ ልክ ነበር፣ ከጭረቶቹም የሚበዙት «ጨ» ነበሩ። ካርቶኑ የተቀየረው በዚያ ፊደል ነው።

በመስቀል ሰሞን ግቢው ቀለም ሊቀባ ነው ሲባል ቀለም ቀቢዎቹ ሳይደርሱ ሮጬ ሄጄ በሩን ፎቶ አነሳሁት። እማማ ቀድመውኝ ጭረቶቹን በሙሉ በደብተራቸው ገልብጠው ነበር።