ይህቺ ታህል እርሳስ ምን ታደርጋለች? ጥያቄና መልስ ለሰሜን ሸዋ የኤሌክትሮኒክስ ገጣጣሚዎችና ጠጋኞች

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን፣ ገጣጣሚ ማኅበር)፦ መምህር፣ የምንገጣጥመው የፀሐይ መብራት 500 ግራም ይመዝናል። እርሳስ (ሊድ የሚባለው ብረት) ያለበት ብየዳው በሙሉ 0.2 ግራም ቢሆን ነው። አውሮፓ ያለ ገዢ ግን ሮሃስን (በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ውስጥ አደገኛ ንጥረ ነገሮችን የሚገድበውን የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ) ካላሟላ አልወስድም አለን። ይህቺ ታህል እርሳስ ምን ታደርጋለች?

መልስ፦ መብራቱን በሙሉ ታስጥለዋለች። 63 እጅ ቆርቆሮ 37 እጅ እርሳስ በሆነ የመበየጃ ሽቦ ከበየዳችሁ፣ 0.2 ግራሙ ውስጥ 0.074 ግራም እርሳስ አለ። ለ500 ግራም ስታካፍሉት 0.015 በመቶ ይመጣል፤ ወሰኑ 0.1 በመቶ ስለሆነ ያለፋችሁ ይመስላል። መመሪያው ግን ዕቃውን በጅምላ አይመዝንም። በመቁረጥ፣ በመፋቅ ወይም በመፍጨት ከሌላው ሊለይ የማይችለውን እያንዳንዱን ቁስ ለብቻው ነው የሚመዝነው። የኤሌክትሪክ ገመዱ ላስቲክ አንድ ቁስ፣ ውስጡ ያለው መዳብ ሌላ፣ የብሎኑ ልባጥ ሌላ፣ ብየዳውም ራሱን የቻለ ቁስ ነው። ብየዳችሁ ውስጥ ያለው እርሳስ 37 በመቶ ነው፤ የወሰኑ 370 እጥፍ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ስሌት ላይ ስለሆነ ደግማችሁ አስሉት።

ጥያቄ፦ የተከለከሉት ስንት ናቸው?

መልስ፦ አሥር። የመጀመሪያው መመሪያ ከሐምሌ 1 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራበት ስድስት ነበሩ፦ እርሳስ፣ ሜርኩሪ፣ ካድሚየም፣ ባለስድስት ክሮሚየም (በብረት ልባጥ ላይ የሚገኝ መርዛማ የክሮሚየም ዓይነት)፣ እሳት እንዳይዛቸው ፕላስቲኮች ውስጥ የሚጨመሩ ሁለት የብሮሚን ውህድ ቤተሰቦች። ከሐምሌ 22 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፕላስቲክ የሚያለሰልሱ አራት ፍታሌቶች ተጨመሩ። ካድሚየም ብቻ ወሰኑ 0.01 በመቶ ነው፤ የሌሎቹ 0.1።

ጥያቄ (ያው ማኅበር)፦ ሻጩ የምስክር ወረቀት ልኮልናል። አይበቃም?

መልስ፦ ወረቀቱን አንብቡት። የዕቃው ቁጥር እናንተ ከገዛችሁት ጋር አንድ ነው? የተመረመረው የትኛው ቁስ ነው? ስድስት ንጥረ ነገር ብቻ ከተዘረዘረ ፍታሌቶቹ አልተመረመሩም ማለት ነው፤ ለስላሳ ገመድ ላይ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። በጨረር የሚለካው የእጅ መሣሪያ ለመጀመሪያ ማጣሪያ ጥሩ ቢሆንም፣ የሚያሳየው ጠቅላላ ክሮሚየምንና ጠቅላላ ብሮሚንን ነው። ክሮሚየሙ ባለስድስት መሆኑን፣ ብሮሚኑም የተከለከለው ዓይነት መሆኑን አይለይም፤ ፍታሌትን ጭራሽ አያይም። እሱ የላቦራቶሪ ሥራ ነው። ገንዘባችሁ ለሁሉም ካልበቃ፣ ቅድሚያ ርካሽ የፒቪሲ ገመድ፣ ቀጥሎ ብየዳ፣ ከዚያ ቢጫ ወይም ቀስተ ደመና የሚመስል ልባጥ ያለው ብሎን አስመርምሩ። ሰነዱን የመጨረሻው ዕቃ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ ለ10 ዓመት ማስቀመጥ ግዴታ ነው።

አንዳንድ ነገር በልዩ ፈቃድ ያልፋል፤ ለምሳሌ እስከ 4 በመቶ እርሳስ ያለው ናስ። ፈቃዶቹ ግን የጊዜ ገደብ አላቸውና በየጊዜው ይታዩ።

ጥያቄ (ሸዋ ሮቢት፣ ጠጋኝ)፦ እርሳስ የሌለው የመበየጃ ሽቦ ገዛሁ። ብየዳው ይደበዝዛል፣ አይያያዝልኝም።

መልስ፦ መደብዘዙ አያስጨንቅህ፤ እንደ እርሳሱ አያብለጨልጭም። ማየት ያለብህ የቀለጠው ሽቦ መዳቡ ላይ ተንጣልሎ መሳሳቱን ነው። እንደ ጠብታ ከተንከባለለ አልያዘም። የእርሳሱ ሽቦ 183 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ የተለመደው 96.5 ቆርቆሮ፣ 3 ብር፣ 0.5 መዳብ ያለው ግን ወደ 217 ይፈልጋል። የመበየጃውን ጫፍ 350 አካባቢ አድርገው፣ ወፍራም ጫፍ ተጠቀም፣ ፍላክስ (ብየዳው መዳቡን እንዲይዝ የሚረዳውን ቅባት) ጨምር። 400 አሳልፈህ ብታግለው ጫፉ ቶሎ ይበላል፣ የቦርዱም መዳብ ይላጣል። ደብረ ብርሃን ላሉት ደግሞ፦ ንፋስ በሚገባበት በር አጠገብ አትበይዱ፤ ትልቅ ቦርድ ከሆነ ከሥር 100 ዲግሪ ያህል አሙቁት።

አውሮፓ ለሚሄደው ሥራ ጫፉ፣ ስፖንጁና የመምጠጫው ፓምፕ ለብቻ ይሁኑ። እርሳስ የነካ ጫፍ አንድን ብየዳ ከ0.1 በመቶ በላይ ሊያደርሰው ይችላል። ለሠፈር ደንበኛ የምትጠግነው አሮጌ ሬዲዮ ግን በዚያ መመሪያ አይዳኝም።

ጥያቄ፦ ጭሱ እርሳስ ነው ይባላል።

መልስ፦ ጭሱ ፍላክስ ነው። እሱም ሳንባ ያስቆጣል፤ በማራገቢያ ከፊታችሁ አስወጡት። እርሳስ የሚፈላው 1,749 ዲግሪ ላይ ስለሆነ በመበየጃ ሙቀት አይተንም። ወደ ሰውነት የሚገባው በእጅ ነው፤ ሽቦውን ይዛችሁ ዳቦ ስትቆርሱ፣ ከመምጠጫው የሚራገፈው ብናኝ ጠረጴዛው ላይ ሲቀር። ከምግብ በፊት በሳሙና መታጠብ፣ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ በደረቅ መጥረጊያ አለመጥረግ። ሕፃን ልጅ ሱቁ ውስጥ አይዋል፤ እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል፣ የተጎዳውም አይመለስም። በዚህ አልደራደርም።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ ያለቀ የሶላር ባትሪ አሲዱን ደፍተን ብንሸጠው ይቀልላል።

መልስ፦ አትድፉ! አሲዱ የሟሟና የተንሳፈፈ እርሳስ ይዟል። ቦይ ውስጥ የፈሰሰው በረሳ ይገባል፣ በረሳ ጀማ፣ ጀማ ዓባይ። በረሳ ላይ ከብት ይጠጣል፣ አትክልት ይለማበታል። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አደገኛ ቆሻሻን እንዲህ መጣልን ይከለክላል። ባትሪውን ሳትከፍቱ፣ ቀጥ አድርጋችሁ፣ ዋልታዎቹን በፕላስተር ሸፍናችሁ ፕላስቲክ ገበታ ላይ አስቀምጡና ከነአሲዱ ለሚረከብ ሕጋዊ ሰብሳቢ አስረክቡ። ከፈሰሰ ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት በጥቂቱ ነስንሱ፤ መኩረፉ ሲያቆም ጠርጋችሁ በክዳን ዕቃ ከባትሪው ጋር አስረክቡ። ገመድ አቃጥሎ መዳብ ማውጣትም ይቅር፤ ፒቪሲ ሲነድ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። በቢላዋ ልጡት።