ሽማግሌ ካስታረቃቸው በኋላ ክሱ ለምን አልቆመም?

ሰላም እህቴ፣ ቨርጂኒያ ያለው ወንድምሽ ሚስቱን መቷል ተብሎ ተከሶ በዋስ ወጥቷል፣ ሽማግሌ ገብቶ እሷም ይቅር ብላዋለች፣ ጠበቃው ግን "ጥፋተኛ ነኝ በል፣ ፕሮቤሽንህን (የፍርድ ቤት ክትትል ጊዜህን) ስትጨርስ ይዘጋልሃል" ስላለው ግሪን ካርድ እያለው ጥፋቱን አምኖ ይፈርም ወይ ነው ያልሽኝ። አሁን እንዳይፈርም።

ክሱ ያልቆመው ከሳሹ ስቴቱ (የቨርጂኒያ መንግስት) ስለሆነ ነው፣ እሷ ምስክር ናት፣ ትቼዋለሁ ብትልም አቃቤ ሕጉ ሊቀጥል ይችላል። የቨርጂኒያ ሕግ እኮ በቀላል ድብደባ ተበዳይ ካሳ አግኝቻለሁ ካለ ዳኛው ክሱን እንዲዘጋ ይፈቅዳል፣ ቤተሰብ ላይ የተፈጸመን ግን ለይቶ አስቀርቶታል። እኛ ጋ ሽማግሌ ካስታረቀ ነገሩ አለቀ ነው፣ እዚህ ግን ሚስት ይቅር ያለችው ወዳ ይሁን ፈርታ ስለማይታወቅ ለሷ ብቻ አይተዉትም፣ ይሄ ደሞ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ስንቷ በይሉኝታ ዝም ብላለች።

ሽማግሌዎቹ ፍርድ ቤት አትሂጂ ወይ አልመታኝም በይ እንዳይሏት አደራ፣ ምስክር ማባበል ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ፕሮቴክቲቭ ኦርደር (እሷን እንዳይቀርብ የሚከለክል የፍርድ ቤት ትዕዛዝ) ካለ ደሞ እሷ ራሷ ና ብላ ብትደውልም እንዳይሄድ፣ ትዕዛዙን ማንሳት የሚችለው ዳኛው ነው፣ መጣሱ ብቻውን ግሪን ካርዱን ሊያሳጣው ይችላል።

አሁን ፊርማው። የመጀመሪያ ጥፋት ከሆነ ፕሮቤሽን ጨርሶ ክሱ ዲስሚስ የሚሆንበት (የሚዘጋበት) መንገድ አለ፣ ጠበቃው ያለው እሱን ይመስለኛል፣ ግን ሰውየው ጥፋተኛ ነኝ ካለና ዳኛው ፕሮቤሽንም ቢሆን ከጣለበት ኢሚግሬሽን እንደተፈረደበት ነው የሚቆጥረው፣ በቤት ውስጥ ጥቃት መፈረድ ደሞ ከአገር ሊያስባርር ይችላል። ፓዲያ የሚባል ቬትናም የዘመተና ከ40 ዓመት በላይ በግሪን ካርድ የኖረ ሰው ኬንታኪ ውስጥ በእፅ ተከሶ፣ ጠበቃው ብዙ ስለኖርክ አታስብ ብሎት ጥፋቱን አምኖ ዲፖርቴሽን መጣበት፣ በ2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጠበቃ ይሄን አደጋ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት ብሎ ወሰነ። መንግስት ያቆመለት ጠበቃም ቢሆን ያው ነው፣ ስለዚ "ይሄ ፕሊ (ጥፋተኛ ነኝ ማለቴ) ግሪን ካርዴን ምን ያደርገዋል?" ብሎ በጽሁፍ ይጠይቀው፣ የክሱን ወረቀትም ከቀጠሮው በፊት ለኢሚግሬሽን ጠበቃ ያሳይ፣ እንግሊዝኛው ካስቸገረው አስተርጓሚ ይጠይቅ።

ሚስቱንም ለብቻዋ ደህና ነሽ ወይ በያት፣ የሱን መልዕክት ግን አታድርሺላት፣ የምትፈልገውን ለአቃቤ ሕጉ ራሷ መንገር ትችላለች።